የቅዱስ ማርቲኖስ ግማሽ ጋቢ

ማዕዶት በዓል ላይ ቀልድ አታውቅም። ለሌላው ሰው በዓል ማለት ቢሮ የሚዘጋበትና በግ የሚታረድበት ቀን ነው። የእሷ በዓላት ግን ሰፈሩ በሙሉ ሥራ ላይ እያለ በእሷ ግቢ ብቻ የሚውሉ ናቸው። ለቅዱስ ዮሴፍ ልጆቿ መዶሻ ይዘው የተነቃነቀውን በርጩማ ሁሉ ሲቀጠቅጡ ይውላሉ። ለቅዱስ እንጦንዮስ ትንንሽ ዳቦ ጋግራ በየበሩ እንዲያድሉ ትልካቸዋለች። ለቅዱስ ፍራንቸስኮስ ደግሞ ዶሮዎቹን “እህቴ”፣ የጎረቤቱን ውሻ “ወንድሜ” እያሉ ይጠራሉ፤ ውሻው ራሱ ግራ ይገባዋል።

አርባ ምንጭ ላይ ካቶሊክ መሆን ከሁለት ወገን መቀለጃ መሆን ነው። ጎረቤቷ በለጥሽ ኦርቶዶክስ ናት። “ማዕዶትዬ፣ እኛም እኮ ማርያምና ሚካኤል አሉን፤ እነዚህን የማይታወቁትን ከየት ነው የምትለቃቅሚያቸው?” ትላታለች፤ ዳቦውን ግን በልታ ለነገም ታስቀምጣለች። በሌላ ወገን ያለው አማቷ ዳልጮ ነው። እሱ ዳቦውንም አይበላም።

ዳልጮ የዶርዜ ሸማኔ ነው። ሚስቱ ከሞተች በኋላ ከደጋ ወርዶ ልጁ ዕዝራ ቤት ገባ፤ መሸመኛውንም በረንዳው ላይ ተከለ። በፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ነው፤ ቃሉም እንደ ሸማው ጠንካራ ነው። ዕዝራ ደግሞ ከኩልፎ ዳር ሙዝ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚያመላልስ ሾፌር ሲሆን፣ ቤት ውስጥ ጭቅጭቅ በተነሳ ቁጥር የመኪናው ጎማ ትዝ የሚለው ሰው ነው። ማዕዶት ከሶዶ ልታገባው ስትመጣ “ልጆቼ እንደ እኔ ካቶሊክ ይሆናሉ” ብላ በግልጽ ተናግራለች። ዕዝራ እሺ አለ። ዳልጮ ዝም አለ። ዝምታው እሺታ መስሏት ኖረች፤ ተሳስታለች።

ጥቅምት ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዳልጮ መወርወሪያውን እያመላለሰ ጠራት።

“የቤት ኅብረት ተራው የእኛ ነው። ኅዳር ሁለት፣ ሲመሽ፣ ጸሎት እዚህ ይሆናል።”

“ኅዳር ሁለት ቅዱስ ማርቲኖስ ነው አባባ።”

“እሱን ነው የምልሽ። አሁን ይብቃ። ቅዱስ፣ ሻማ፣ ፋኖስ፣ ይሄ ሁሉ ከዚህ ግቢ ይውጣ። ልጆቹም ከዚያ እሑድ ጀምሮ ከእኔ ጋር ሰንበት ትምህርት ይሄዳሉ። ለአስተማሪዋ ነግሬያለሁ፣ ጨርሻለሁ።”

ማዕዶት ደሟ ፈላ። ስለ ልጆቿ አንድም ቃል ሳይጠይቃት ጨርሷል! ቢሆንም ድምፅዋን አላነሳችም።

“እንግዶችዎ ይምጡ፤ እራታቸውን እኔው እሠራለሁ። ማርቲኖስም ይከበራል።”

ዕዝራ ማታ በለሆሳስ “ለአንድ ቀን ብትተይው ምናለበት?” አላት።

“አባትህ አንድ ቀን አልጠየቁኝም። ልጆቼን ነው የጠየቁኝ። ዛሬ ማርቲኖስን ብሰጣቸው ነገ ማንን ላስቀር ነው?”

ዕዝራ ወጥቶ ጎማውን አየ።

በበዓሉ ዕለት ጠዋት ማዕዶት ልጆቿን አስቀምጣ ታሪኩን ነገረቻቸው። ማርቲኖስ ወታደር ነበር፣ በፈረስ ይሄድ ነበር፤ ከተማው በር ላይ በብርድ የሚንቀጠቀጥ ድሃ አየና ካባውን በሰይፍ ለሁለት ከፍሎ ግማሹን አለበሰው። እንድሪያስ፣ ትንሹ፣ ጣቱን አነሳ።

“እማዬ፣ ብርድ ምንድን ነው?”

እንግዲህ ለአርባ ምንጭ ልጅ ብርድን አስረዳ! ማዕዶት አሰበች፣ አሰበችና “ካሱ ወባ ሲይዘው እንደሚንቀጠቀጠው ማለት ነው” አለችው። ካሱ ከማዶ ያለው የሙዝ መጋዘን ዘበኛ ነው። ሰሞኑን ወባ ጥሎታል፤ መድኃኒት ቢጀምርም ፀሐይ ስትጠልቅ ጥርሱ እስኪንቀጫቀጭ ያንዘፈዝፈዋል። ልጆቹ በየቀኑ ያዩታል። ቤተልሔም፣ ትልቋ፣ ይህን ስትሰማ ወደ መጋዘኑ ዞራ አየች፤ እናቷ ያንን አተያይ ልብ ማለት ነበረባት።

ሌላ ጊዜ የማርቲኖስ ካባ አሮጌ ፎጣ ነበር፤ ማዕዶት በመቀስ ለሁለት ትቆርጠዋለች፣ ልጆቹ ያጨበጭባሉ፣ አለቀ። ዘንድሮ ግን እሷ ለእንግዶች እራት ስትል ከድስት ወደ ድስት ትሮጣለች። ልጆቹ ለማርቲኖስ ሲዘምሩ የሚይዟቸው ፋኖሶች ተዘጋጅተዋል፤ ሃይላንድ አንገቱ ተቆርጦ ሻማ ቆሞበታል። እንድሪያስ የሙዝ ቅጠል ዘንግ ላይ ተቀምጦ በፈረሱ ግቢውን ይዞራል። የጎደለው ካባ ብቻ ነው። ቤተልሔምም ካባ ፍለጋ ወደ አያቷ ክፍል ገባች።

አልጋው ላይ አዲስ ጋቢ ታጥፎ ተቀምጧል። ዳልጮ ኅብረቱን ለሚመሩት ለአቶ አጵሎስ በእንግዶቹ ፊት ሊያለብሳቸው የሠራው ነው። ልጅቷ ይህን አታውቅም። የምታውቀው በአያቷ እግር ሥር ማግ ስታጠነጥን የተማረችውን ነው፦ በዳልጮ ሸማ ላይ መቀስ አይነሳም። ደግሞም ጋቢ አንድ ወጥ አይደለም፤ ሁለት ወገን ሆኖ ተሸምኖ መሀሉ ላይ ይሰፋል። ስለዚህ መቀስ አልነካችም። ቁጭ ብላ ስፌቱን በመርፌ ጫፍ እየሳበች ከዳር እስከ ዳር ተረተረችው። ያየ ሸማኔ ሁሉ የሚኮራበት ንጹሕ ሥራ ነበር። ግማሹን መልሳ አጣጥፋ አልጋው ላይ አኖረች፤ ሌላውን ግማሽ ይዛ ከወንድሟ ጋር መንገዱን ተሻገረች።

እንግዶቹ መጡ። ተዘመረ፣ ተጸለየ። ዳልጮ “ለወንድማችን ለአጵሎስ” ብሎ በክብር ተነሳና ክፍሉ ገባ። ሲወጣ በእጁ የተንጠለጠለው የአንድ ልጅ መጠቅለያ የሚያህል ነበር። በዚያው ቅጽበት ልጆቹ ፋኖሳቸውን ይዘው እየዘመሩ በበሩ ገቡ።

“ማርቲኖስ ለካሱ ሰጠው!” አለ እንድሪያስ ከፈረሱ ሳይወርድ። “መንቀጥቀጡን ሊያቆም ነው!”

ዳልጮ ግማሹን ጋቢ ከፍ አድርጎ አነሳው። “አያችሁ?” አለ ወደ እንግዶቹ ዞሮ። “ቅዱሳኖቿ ያስተማሯቸው ይሄንን ነው። ስርቆት!” ከዚያ ወደ ማዕዶት። “እዚሁ ሰው ፊት፣ ይብቃ በዪ። በዓሉ ከዛሬ ወዲያ የለም በዪ። ልጆቹን ይቅር እላለሁ።”

ቤተልሔም ማልቀስ ጀመረች። ማዕዶት ፈርታለች። አንዲት ቃል ብትወጣት ልጇ ከእንባ፣ እሷም ከዚህ ሁሉ ዓይን ትድናለች። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነው።

“ቤቲዬ፣ የሰው ነገር ሳይጠይቁ መውሰድ ጥፋት ነው። አባባን ይቅርታ ጠይቂያቸው።”

ልጅቷ የአያቷን ጉልበት ስማ ይቅርታ ጠየቀች።

“አሁን ደግሞ የእኔን ጥፋት ስሚ። ማርቲኖስ የከፈለው የራሱን ካባ ነው። የሰው አይደለም። ይህን ሳልነግርሽ ቀርቻለሁ።”

ጓዳ ገብታ ጋቢዋን ይዛ ወጣች። ጥለቱን ሲያይ ዳልጮ አወቀው፤ ስታገባ ራሱ ሠርቶ ያለበሳት ነው። ማዕዶት እንግዶቹ መሀል ወለሉ ላይ ተቀመጠችና ስፌቱን መተርተር ያዘች። ቤተልሔም እንባዋን ጠርጋ ከወዲያ ጫፍ ያዘችላት። ሲለያይ ማዕዶት ግማሹን አንስታ በዳልጮ እጅ ባለው ግማሽ ላይ አኖረችው።

“ይኸው፣ የአቶ አጵሎስ ጋቢ ሙሉ ሆነ። የጎደለው የእኔ ነው። የካሱን ግን አላስመልስም። በዓሌንም አልተውም።”

“ሰው ፊት ታዋርጅኛለሽ?”

“ሰው ፊት የጠየቁኝ እርስዎ ነዎት አባባ።”

አቶ አጵሎስ ከመቀመጫቸው ጎንበስ አሉ። “ዳልጮ” አሉ፣ “እኔ ሲያለብሱኝ ደስ የሚለኝ የተሰፋ ነው። መርፌህን አምጣ።”

ሽማግሌ እንግዳ እምቢ አይባልም። ዳልጮ ተቀመጠና አዲሱን ግማሽ ከአሮጌው ጋር ይሰፋ ጀመር። አንዱ ነጭ፣ ሌላው በዘመን የወየበ። እጁ ግን ሸማኔ ነውና ስፌቱን አላጣመመም።

“እሑድ ልጆቹ ከእኔ ጋር ናቸው” አለ ዓይኑን ሳያነሳ።

“ከእኔ ጋር ናቸው። ከዚህ ቤት ‘ውጪ’ ካሉኝ ልጆቼን ይዤ እወጣለሁ፤ ጨርቄን ማቄን አልልም። ካላሉኝ ደግሞ ኅዳር ሃያ አንድ የሐዋርያው እንድሪያስ በዓል ነው። ለልጁ ስሙን ያወጡለት እርስዎ ነዎት። ሐዋርያው ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ እኔም ዓሣ እጠብሳለሁ። ቢቀመጡም ባይቀመጡም ይበላል።”

ዕዝራ የመኪናውን ቁልፍ ይዞ በሩ ጋ ቆሟል። ዳልጮ ቀና ብሎ አየው። ማዕዶትም አየችው፤ አሁን ይወጣል፣ ጎማውን ሊያይ ነው ብላ።

ዕዝራ ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

“ዓሣውን ከጫሞ እኔ አመጣለሁ” አለ። “እሑድም ልጆቹን ወደ እናታቸው ቤተ ክርስቲያን የማደርሳቸው እኔ ነኝ አባዬ።”

ዳልጮ ልጁን ተመለከተው። ከዚያ ወደ ጋቢው አጎነበሰና የቀረችውን ጥቂት ስፌት ጨርሶ ክሩን በጥርሱ በጠሰውና ጋቢውን ለአቶ አጵሎስ አለበሳቸው።