ባለ ጀልባዋ ለምን አትስቅም?

እኔ መነፅር ሠሪ ነኝ። የሱቄ የፊት ክፍል ፍሬም የተደረደረበት ነው። ከመጋረጃው በስተጀርባ ሌንስ የምሞርድበት ማሽን፣ አንድ ያረጀ ኮምፒውተርና ሦስት ወንበሮች አሉ። ወንበሮቹን የገዛኋቸው ለደንበኞች ነበር። ውለው አድረው ግን የሦስት ሰዎች ርስት ሆኑና ደንበኞቼ ቆመው መጠበቅን ለመዱ።

የመጀመሪያው ሊፍት ጠጋኝ ነው። አፉን በከፈተ ቁጥር «ማስረጃ አለኝ» ስለሚል ስሙ ማስረጃ ሆኖ ቀርቷል። ሁለተኛዋ ፋርማሲስት ናት፤ ፋርማሲዋ ከሱቄ ጎን ስለሆነ በምሳ ሰዓት ነጭ ጋዋኗን ሳታወልቅ ትመጣለች። ሦስተኛው የጥርስ ሐኪም ነው። ቀኑን ሙሉ አፉን ከከፈተ ሰው ጋር ስለሚውል ነው መሰለኝ፣ የራሱን ዘግቶ መቀመጥ ይወዳል። ሦስቱን ያገናኛቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ባለ ጀልባዋ።

ባለ ጀልባዋ የቪዲዮ ጌም ባለታሪክ ናት። ከደሴት ደሴት እየቀዘፈች ሰው የጠፋበትን ዕቃ የምትፈልግ አሮጊት ስትሆን፣ ከምትናገር ዝይዋ በቀር አብሯት የሚሄድ የለም። ተጫዋቹ ሥዕሉን እየነካካ ቁልፉን፣ ካርታውን፣ የተሰረቀውን ደወል ያገኝላታል። ባገኘች ቁጥር ትስቃለች። ጭቃ ውስጥ ስትወድቅም ትስቃለች። ሰው ጌሙን የሚገዛው እንቆቅልሹን ለመፍታት ሳይሆን ያንን ሳቅ ለመስማት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ፋርማሲስቷ የስልኳ ጥሪ አድርጋዋለች። ለሳል መድኃኒት የመጣ ሰውዬ በእሱ የተሳቀበት መስሎት ተቆጥቶ ሲወጣ አይቻለሁ።

ታዲያ ጌሙን የሚሠራው ድርጅት የሚቀጥለው ተከታታይ «ጠቆር ያለ»፣ ማለትም ሐዘን ያጠላበት፣ እንደሚሆን አስታወቀ። አጭር ቪዲዮም ለቀቀ። ጭጋግ፣ ወንዝ፣ ጀልባ። ባለ ጀልባዋ ጭቃ ውስጥ ትወድቃለች። ትነሣለች። ቀሚሷን ታራግፋለች። ትሄዳለች። ሳቅ የለም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሱቄ ፍርድ ቤት ሆነ።

«መንትያዋ ናት» አለ ማስረጃ። «ማስረጃ አለኝ። ጀልባዋን በግራ እጇ ነው ያሰረችው። እውነተኛዋ በቀኟ ነበር የምታስረው።»

«በቀኟ ዝይዋን ይዛ እኮ ነው» አለች ፋርማሲስቷ።

«እሱን ነው የምልሽ። ለምን በቀኟ ያዘቻት? ራስሽን ጠይቂ።»

ፋርማሲስቷ በበኩሏ ባለ ጀልባዋ በአራተኛው ጌም ጎርፍ ወስዷት ሞታለች፤ ከዚያ ወዲህ ያየነው ሁሉ ዝይዋ በሐዘን ብዛት ያለመችው ነው ባይ ናት። ማስረጃ ይህንን «ሳይንሳዊ አይደለም» ብሎ ናቀው። በዚህ መካከል ስልኩ ጮኸ። አንድ ሕንፃ ላይ ሊፍት ውስጥ ሰዎች ተይዘዋል። «አየር አላቸው» አለና ስለ መንትያዋ ቀጠለ።

እኔ ሌንሴን እየሞረድኩ ዝም እላለሁ። ዝም አይነቅዝም ይባላል። ዝም የምለው ደግሞ ባለ ጀልባዋ እናቴ ስለሆነች ነው።

ድምጿን ማለቴ ነው። ድርጅቱ ከጎማ መሸጫ በላይ ሁለት ክፍል ተከራይቶ የሚሠራ ትንሽ ድርጅት ነው። አንድ ጥብቅ ደንብ ግን አላቸው፤ ድምፅ የሚሰጡ ሰዎችን ማንነት የትም አይገልጹም፣ ቤተሰብም እንዳያወራ ቃል ያስገባሉ። ሰው ባለ ጀልባዋን ሲሰማ ገበያ ውስጥ ሽንኩርት የምትመርጥ ሴትዮ ፊቱ ላይ እንዳትመጣበት ነው። ልክ ናቸው። እናቴን ሽንኩርት ስትመርጥ ያየ ሰው ጌም አይገዛም፤ ነጋዴዎቹ እንኳ ከሩቅ ሲያይዋት ሚዛናቸውን ማስተካከል ይጀምራሉ።

እናቴ በትእዛዝ መሳቅ አትችልም። የመጀመሪያ ቀን «እዚህ ጋ ይሳቁ» ሲሏት የታነቀች ዶሮ የመሰለ ድምፅ አወጣች። ያን ዕለት ያደረሳት አባቴ ነበር። ቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ሥራ ስላልነበረው ከመቅጃ ክፍሉ ውጭ ቆሞ በመስታወቱ ያያታል። ጭንቀቷን ሲያይ ኮቱን ገልብጦ ለበሰና አያቴን፣ የእሷን እናት ማለት ነው፣ አኩርፋ ስትሄድ አስመስሎ ወዲያና ወዲህ ተራመደ። እናቴ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ድምፅ ቀጂው ቀዳው።

ከዚያ በኋላ በተሠሩት ጌሞች ሁሉ አባቴ አብሯት ይጠራ ነበር። እሷ ታነባለች፤ ሳቅ የሚያስፈልግበት ቦታ ሲደርስ ድምፅ ቀጂው ለአባቴ በአገጩ ምልክት ይሰጠዋል። ያ ያገር ሰው የወደደው ሳቅ አንዲት ሴት በባሏ ላይ የሳቀችው ነው።

አባቴ አምና ሞተ። ልቡ ነው። ጠዋት የጎረቤት ቧንቧ ሊያይ ወጣ። ቧንቧው ተሠራ፤ እሱ ግን አልተመለሰም። ይናፍቀኛል፤ ሌላ የምለው የለኝም።

ድርጅቱ ሳቁን ከድሮው ቅጂ ቆርጦ አዲሱ ላይ ሊለጥፍ ሞክሮ ነበር። እናቴ አንዴ ሰማችውና «ያ ሳቅ የሱ ነው፤ እንዳትነኩት» አለች። አለቃዋ፣ ትዕግሥት የተረፋት ሴት ናት፣ ጥቂት ቀን አሰበችና ተከታታዩ ጠቆር ያለ እንዲሆን ወሰነች። ይኸው ነው። ሌላ ጥልቅ ሐሳብ አልነበረም። አንዲት አሮጊት ሥራዋን እንዳታጣ ወንዙን በሙሉ ጭጋግ አለበሱት።

እናቴን ደግሞ ከዚያ ሥራ ሌላ ከቤት የሚያስወጣት ነገር የለም። አባቴ ከሞተ ወዲህ ደህና ልብስ የምትለብሰው ወደ ጎማ መሸጫው ስትሄድ ብቻ ነው። ሥራውን ካጣች አልጋዋን ታቅፋ እንደምትቀር አውቃለሁ። ስለዚህ ማስረጃ አንድ ቀን ብድግ ብሎ «ፊርማ እናሰባስብ!» ሲል ደነገጥኩ።

«ሳቋን መልሱ፣ ነው የምንለው» አለ። «ካልመለሱ አንገዛም።»

«እኔ አለሁበት» አለች ፋርማሲስቷ።

«ዶክተርስ? ለመሆኑ ባለ ጀልባዋ ለምንድነው የማትስቀው ትላለህ?» አለ ማስረጃ።

የጥርስ ሐኪሙ ጉሮሮውን ጠረገ። «ባሏ ሞቶባት ይሆናል» አለ።

ማሽኔን አጠፋሁት።

«የቱ ባሏ?» አለ ማስረጃ። «በአንዱም ጌም ባል ታይቶ አያውቅም።»

«ስላልታየ የለም ማለት ነው?»

«ኧረ ዶክተር! ባል ሞተ፣ አዘነች፣ በቃ? ይሄ ታሪክ አይሆንም። እንቆቅልሹ የታለ?»

«እኔ ባለቤቴ ስትሞት ብዙ ጊዜ አልሳቅሁም» አለ የጥርስ ሐኪሙ። «ምንም እንቆቅልሽ አልነበረውም።»

ማስረጃ አንገቱን ደፍቶ «ነፍስ ይማር» አለ። ትንሽ እንደቆየም ወደ መንትያዋ ተመለሰ። ከአድናቂው ሁሉ መካከል እውነቱን ያገኘ አንድ ሰው ነበር፤ እሱም በድምፅ ብልጫ ተሸነፈ።

ፊርማው ከስልክ ወደ ስልክ እየዘለለ ከሱቄ ወጥቶ ሄደ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል እንደሚባለው፣ ብዙም ሳይቆይ አለቃዋ እቤታችን መጣች። እናቴ ያቀረበችላትን ሻይ ሳትቀምስ ብርጭቆውን ታዞራለች።

«እማማ፣ ባለ አክሲዮኖቹ ፈርተዋል» አለች። «ሌላ ልጅ አምጥተው አሰምተውኛል። ድምጿ የእርስዎን ይመስላል። ደግሞ ትስቃለች።»

«እንዲሁ በባዶ ሜዳ?» አለች እናቴ።

«በባዶ ሜዳ።»

«ጎበዝ ናት» አለች እናቴ፣ ከልቧ ነው።

«እባክዎ አንዴ ይሞክሩልኝ። አንዲት ሳቅ ብቻ ይዤላቸው ልሂድ። ካልሆነ ግን…»

«ካልሆነ ልጅቷ ትሳቅ። ሻይሽን ጠጪ፣ በረደ።»

ያም ሆኖ አንዴ ልሞክር ብላ እሺ ስላለች፣ በቀጠሮው ቀን አብሬያት ሄድኩ። እናቴ ወደ ክፍሉ ገባች፤ እኔ አባቴ ይቆምበት ከነበረው ቦታ ቆምኩ። የአባቴን አፍንጫ ወርሻለሁ፤ ቀልዱን ግን አላወረሰኝም። ቢሆንም ኮቴን ገልብጬ ለበስኩና አያቴን አስመስዬ ተራመድኩ። እናቴ ከመስታወቱ ማዶ በሐዘኔታ ተመለከተችኝ።

«ምነው ልጄ፣ ወገብሽን አመመሽ?» አለች በማይክሮፎኑ።

ድምፅ ቀጂው አቀርቅሮ ጫማውን ያያል። አለቃዋ ጥፍሯን ትበላለች። እኔም ቢቸግረኝ የመነጋገሪያውን ቁልፍ ተጭኜ የሱቄን ወሬ እዘከዝክላት ጀመር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ እናቴ ስለ ራሷ ከሚወራው አንዱንም አልሰማችም ነበር። መንትያ እንዳላት ነገርኳት። «ታዲያ ሥራ አታግዘኝም?» አለች። በአራተኛው ጌም መሞቷን ነገርኳት። «እኔም ጠርጥሬ ነበር» አለች። ድምፅ ቀጂው ከት ብሎ ሳቀ፤ እናቴ ግን ፊቷ አልተፈታም።

የቀረኝ የጥርስ ሐኪሙ ነበር። እንደማያስቅ አውቃለሁ። ግን ሌላ ወሬ አልቆብኝ ነበርና እሱ ያለውንም፣ ማስረጃ የመለሰለትንም እንዳለ ነገርኳት።

እናቴ መነፅሯን አወለቀች፣ በቀሚሷ ጠረገች፣ መልሳ አደረገች። በቀሚስ አይጠረግም ብዬ ሺህ ጊዜ ነግሬያታለሁ።

«የዝይዋን አንብቢልኝ» አለች።

ድምፅ ቀጂው ጽሑፉን አቀበለኝ። አነበብኩ። «አንቺ ሴትዮ፣ ጭቃ ውስጥ ወድቀሽ እኮ ነው። ለምን አትስቂም?» ከዚህ ቀጥሎ ጽሑፉ ላይ ያለው «ባለ ጀልባዋ ትስቃለች» ብቻ ነው።

እናቴ ወደ ማይክሮፎኑ ጠጋ አለች።

«ባሌ ሞተ» አለች በባለ ጀልባዋ ድምፅ። «የሚያስቀኝ እሱ ነበር። ሌላ እንቆቅልሽ የለውም። ነይ እንሂድ።»

ድምፅ ቀጂው መቅጃውን ማቆም ረሳው። አለቃዋ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገችና «ለባለ አክሲዮኖቹ የምወስደው ይሄንን ነው» አለች።

«ባይወዱትስ?» አልኳት።

«እንግዲህ ወርደን ጎማ እንሸጣለን።»

ወደዱት። እንደሰማሁት ከሆነ አንደኛው ከስብሰባው ወጥቶ እቤቱ ስልክ ደውሏል። ልጅቷን ሌላ ጌም ላይ መደቧት፤ እናቴ በቦታዋ ቀረች። ያን ዕለት ማታ እራት እየበላን እናቴ ድንገት «የዚያ የጥርስ ሐኪም ሚስት ስሟ ማን ነበር?» አለችኝ።

«አላውቅም።»

«ስንት ጊዜ ሱቅሽ ሲቀመጥ ስሟን አታውቂም? ጠይቂው እንጂ።»

በማግስቱ ከሌሎቹ ቀድሞ ሲመጣ ጠየቅሁት። ለምን እንደፈለግሁት አልጠየቀኝም። «ስሟን የሚጠራ ሰው ካጣሁ ቆየሁ» አለ። «ሁሉም እኔን ላለማሳዘን ብሎ ይተወዋል።» ነገረኝ። ከዚያ እንዳልረሳው ብሎ ነው መሰለኝ፣ ደግሞ ነገረኝ። ማታ ስሙን ለእናቴ አደረስኩ።

የተከታታዩ የመጀመሪያ ክፍል ወጣ። «ባሌ ሞተ» የሚለውን የሰማን ቀን ማስረጃ ወደ ጥርስ ሐኪሙ ዞረና «በአጋጣሚ ነው የገጠመልህ» አለው። ከዚያም ነገሩ በሙሉ አድናቂን ለማሳሳት የተሸረበ መሆኑን ያስረዳ ጀመር። ፋርማሲስቷ ግን የስልኳን ጥሪ ያን ዕለት አጠፋችው።

ሁለተኛው ክፍል የወጣ ቀን አራታችንም ኮምፒውተሩ ፊት ነበርን። ባለ ጀልባዋ በጭጋጉ ውስጥ ትቀዝፋለች። ከፊቷ ሌላ ጀልባ ብቅ ይላል፤ አንዲት ሴት ብቻዋን ተቀምጣበታለች፣ ፊቷ አይታይም። ባለ ጀልባዋ መቅዘፊያዋን ከውሃው አወጣችና ሴትየዋን በስሟ ጠራቻት።

«እንደምነሽ?» አለቻት። «ባልሽ ደህና ነው። ሥራውን ይሠራል። ሰው አለው፤ አታስቢ።»

ሴትየዋ እጇን አነሣች። ጭጋጉ ሸፈናት።

«ማን ናት እሷ?» ብላ ጮኸች ፋርማሲስቷ።

«መንትያዋ!» አለ ማስረጃ ከወንበሩ ተነሥቶ። «አላልኩም? ማስረጃ አለኝ። ስሟን በደንብ ስሙት፣ ስሟ ውስጥ ነው ቁልፉ!»

የጥርስ ሐኪሙ ዞሮ አየኝ። እኔ ማሽኔ ላይ አቀረቀርኩ፤ የያዝኩትን ሌንስ ግን አበላሽቼው ነበር።

«ዶክተር፣ አንተስ ምን ትላለህ?» አለው ማስረጃ። «ማን ትመስልሃለች?»

«እኔ እንጃ» አለ የጥርስ ሐኪሙ። ሁለት እጆቹን ጉልበቶቹ ላይ አድርጎ ወንበሩን ወደ ኮምፒውተሩ አስጠጋ። «እስቲ ስሟን ከምትጠራበት ጀምሮ መልሱልኝ።»