የወይን ጠጅ ሹም ሽር

«ጉማሬው ከዚህ ቤት ይበልጥ ነበር» አለ ሣህሉ፣ ሁለት እጁን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ዘርግቶ። «አፉን ሲከፍት ደብረ ማርያም ደሴት ከነዛፏ ትገባበታለች። ዩሱፍ ታንኳው ላይ ብድግ አለ። በመቅዘፊያው አንዴ አናቱን ቢለው፣ እሪ እያለ ዘጌ ድረስ ሄደ። የዚያን ዕለት ጣና አንድ ስንዝር ከፍ አለ፤ ከጉማሬው እንባ ነው።»

ምንጣፉ ላይ የተቀመጡት ለቀስተኞች ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አላህ ይማረው» አሉ ሼህ ኑርሑሴን፣ መቁጠሪያቸውን እያንከባለሉ። «ጀግና ነበር።»

«ጀግና ነበር» አለ ታንኳ ሠሪው ኢስሀቅም።

ሣህሉ ጠበቀ። ጉማሬውን ያን ያህል ያገዘፈው አንድ ሰው እንዲያሳንስለት ነበር። ማንም አላሳነሰለትም። በለቅሶ ቤት የሟች ወሬ አይቀነስም፤ ነውር ነው። ጉማሬው ከነግዝፈቱ መሀል ቤት ተጋድሞ ቀረና ሣህሉን መቀመጫ አሳጣው።

ዓሣ አጥማጁን ዩሱፍን ትናንት ነበር የቀበሩት። ወባ ከሐይቁ ዳር አንሥታ አልጋ ላይ ጣለችው፤ ከአልጋው ደግሞ ወደ መቃብር ለመሄድ ብዙ አላቆየችውም። ጎረቤት ምግብ እየተሸከመ ይገባል፣ ባዶ ሰሃን ይዞ ይወጣል። ሚስቱ መዲና ጓዳ ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣለች፤ ድምፅዋ አይሰማም። ከወንዶቹ መሀል ክርስቲያን ሣህሉ ብቻ ነው። ከነጋ መጥቶ የዩሱፍ መቀመጫ ከነበረው ጥግ አጠገብ ተቀመጠ፤ ጥጉን ራሱን ግን ማንም አልተቀመጠበትም።

ሣህሉን በባሕር ዳር የማያውቅ ከተገኘ፣ ያ ሰው ትናንት የተወለደ ወይም መስማት የተሳነው ነው። እሱ ሲያወራ ድመት ነብር ትሆናለች፣ ጠብታ ዝናብ የኖኅ ውሃ ይሆናል። በወጣትነቱ በአንድ የጎጃም ባለጸጋ ቤት ጠጅ አሳልፏል፤ ይህ እውነት ነው። ጣልያን ሲገባ ግን ወደ መኮንኖቹ ወጥ ቤት በር ሄዶ፣ «ከዓባይ ምንጭ እስከ ምጥዋ እንደኔ ያለ መጠጥ አዋቂ የለም» አለ፤ ይህም ለራሱ ትሑት ንግግር ነበር። ቀጠሩት። ክረምቱ ገብቶ መንገዱ በጭቃም በአርበኛም ሲዘጋ፣ የማካሮኒው ሳጥን ከጎንደር መምጣቱን አቆመ። የወይን ጠጁ በርሜል ግን ሞልቶ ነበር። መኮንኖቹ ያገሩን ሽሮ፣ ያገሩን ምስር፣ የሐይቁን ዓሣ መብላት ያዙ፤ የትኛው ወይን ከየትኛው ወጥ ጋር እንደሚሄድ ለይቶ መንገር የሣህሉ ሥራ ሆነ።

ያን የሚለየው ግን ሣህሉ አልነበረም።

የተዋወቁት በወሬ ነው። አንድ ቀን ሣህሉ ወደቡ ዳር ቆሞ፣ «እኔ ባሳለፍሁበት ቤት የጠጁን ጋን የሚያነሡት አርባ ጎበዞች ነበሩ» ሲል፣ መረቡን የሚጠግን አንድ ቀጭን ሰው ቀና ሳይል መዳፉን ዘርግቶ ወደ መሬት ዝቅ አደረገ።

«ሠላሳ» አለ ሣህሉ፣ ሳያስበው።

መዳፉ አሁንም ዝቅ አለ።

«ሃያ። እሺ፣ አሥር።»

ዝቅ።

«አራት።»

መዳፉ ቆመ። «አራት ይበቃል» አለ ቀጭኑ ሰው፣ ክሩን በጥርሱ እንደነከሰ። ወደቡ በሣቅ ተናወጠ። ሌላ ሰው ቢሆን ዱላ ያነሣ ነበር። ሣህሉ ግን ሄዶ አጠገቡ ተቀመጠ። ዕድሜ ልኩን ሰው ወይ አምኖት ወይ ስቆበት ያልፍ ነበር እንጂ፣ እስከ አራት ድረስ አብሮት የወረደ አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ ምሳቸው አንድ ሆነ። ክርስቲያን ሙስሊም ያረደውን አይበላም፣ ሙስሊምም ክርስቲያን ያረደውን አይበላም፤ ዓሣ ግን ባራኪ አይፈልግም። ሐይቁ ዳር ካለችው ዋርካ ሥር ዩሱፍ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ይጠብሳል፤ ዓሣ በጠፋ ዕለት የመዲና ሽሮ ወይም ጎመን ይመጣል። ሣህሉ ከወጥ ቤቱ በጠርሙስ የቀዳውን ወይን ከሸማው ሥር ያወጣል። ዋንጫው የዩሱፍን ቤት ደጃፍ እንዳይረግጥ ብለው ከዋርካዋ ግንድ ቀዳዳ ውስጥ ነበር የሚያኖሩት። ዩሱፍ ሽታው እንዳይደርሰው ነፋሱ በሚመጣበት በኩል፣ የውሃ ቅሉን ታቅፎ ይቀመጣል። ከዚያ ሹመቱ ይጀመራል። በዚያ ዘመን ጣልያን ላደረለት ሁሉ ማዕረግ ሲበትን፣ ሣህሉም ለወይኑ ይበትን ነበር።

«ይህ ከሽሮ ጋር ደጃዝማች ነው። ምን ደጃዝማች፣ ራስ ነው እንጂ። መልኩን አየኸው? የበርበሬውን እጅ ይዞ እንደ ሙሽራ አጃቢ...»

መዳፉ ወረደ።

«ፊታውራሪ።»

ወረደ።

«ኧረ ዩሱፍ፣ ግራዝማች እንኳ በለው።»

«እሱና በርበሬው ጣውንቶች ናቸው» ይላል ዩሱፍ ዓሣውን እያኘከ። «አፍህ ውስጥ ሲደባደቡ እዚህ ድረስ ይሰማል። ባላምባራስ ይበቃዋል።»

«ቀምሰኸው አታውቅ።»

«አንተ ትቀምሳለህ፣ እኔ እፈርዳለሁ። ሥራ ተካፈልን።»

አንድ ቀን ብቻ፣ ምልክት ከሌለው በርሜል የተቀዳ ነጭ ወይን ከተጠበሰ ቆሮሶ ጋር ሲጠጣ፣ ሣህሉ ጎርሶ፣ ተጎንጭቶ፣ ወደ ሐይቁ እያየ ቆየ። የዩሱፍ መዳፍ ጉልበቱ ላይ እንደተኛ ነበር።

«ይህስ?» አለ ሣህሉ በመጨረሻ።

«እሱን ተወው። ባለበት ይቀመጥ።»

«ከምኔ ነው የምታውቀው?»

«ያስታውቅብሃል» አለና ዩሱፍ የዓሣውን የጉንጭ ሥጋ፣ ያችን የምትጣፍጠውን፣ በጣቱ ወደ ሣህሉ ገፋት። ሁልጊዜም ይገፋለት ነበር።

የወጥ ቤቱ ሹም ሲኞር ጂኖ፣ ሣህሉ ይዞለት በሚመጣው ፍርድ አንድም ቀን አላፈረም። አሁን ግን ዩሱፍ በተቀበረ ማግሥት፣ ሣህሉ ከለቅሶው ብቅ ቢልበት ሁለት በርሜል አሳየው፤ አንዱ ባለወርቅ ጽሑፍ፣ ሁለተኛው ምንም ያልተጻፈበት፤ ከሁለቱም በየጠርሙሱ ቀድቶ ሰጠው። ከጎንደር ትልቅ እንግዳ በጀልባ ይመጣል፤ ምሳው የዓሣ ጥብስ ነው።

«ነገ አንዱን ትመርጣለህ» አለ ጂኖ በተሰባበረ አማርኛ። «ሁለቱም ደጃዝማች ናቸው ካልኸኝ፣ አንተ መንገድ ሥራ፣ ድንጋይ ፈለጣ።»

ስለዚህ ሣህሉ ጠርሙሶቹን ዋርካዋ ሥር ደብቆ፣ ሼሁን አስፈቅዶ ሊወጣ ወደ ለቅሶ ቤቱ ተመለሰ። ኢስሀቅ በሩ ድረስ ሸኘውና አንድ ቆሮሶ በደንገል ቅጠል ጠቅልሎ ሰጠው።

«ብላ፤ ከትናንት ጀምሮ አፍህ ለወሬ ብቻ ነው የተከፈተው» አለው።

ዋርካዋ ሥር ማንም አልነበረም። የዩሱፍ ታንኳ ሸምበቆው መሀል ተገልብጣ ትታያለች። ሣህሉ እሳት አነደደ፣ ዓሣውን ጠበሰ፤ በአንድ ወገን አሳረረው፣ በሌላው ወገን ጥሬ ተወው። ከዚያ እጁን ወደ ግንዱ ቀዳዳ ሰደደ። ዋንጫው ተደፍቶ አገኘው። ሣህሉ ዋንጫ ደፍቶ አያውቅም፤ ጠጥቶ እንደተቃና ነበር የሚያስቀምጠው። ዝናብ እንዳይገባበት የደፋለት ሌላ ሰው ነው፤ ያ ሰው ደግሞ በሕይወቱ የመጠጥ ዕቃ በጣቱ ነክቶ አያውቅም ነበር። አጠገቡ አንዲት የሸምበቆ እንጨት ነበረች። በእሷ ገፍቶ ይሆናል የደፋው።

ሣህሉ ለረጅም ጊዜ ዋንጫውን አላነሣውም።

በኋላ ከባለወርቁ ቀዳ፤ ጎረሰ፤ ተጎነጨ። «ደጃዝማች» አለ ነፋሱ ወደሚመጣበት በኩል ዞሮ። «ደጃዝማች ብቻም አይደለም። የወርቅ ካባ የደረበ፣ ነጋሪት የሚጎሰምለት፣ መቶ በቅሎ የሚከተለው...» ሁለት መቶ አደረሳት። ከዚያ አምስት መቶ። በቅሎዎቹ ሐይቁን ሞልተው ወደ ጎርጎራ ተሰለፉ፤ አንዲቱን እንኳ የሚመልስ አልነበረም።

«ያስታውቅብሃል» ያለው ትዝ አለው። ከፊቴ ላይ ነው የሚያነበው ብሎ ያስብ ነበርና፣ አንድ ጉንጭ እንደያዘ ውሃው ላይ አጎነበሰ። ግንባሩ ታየ፣ ሽበት የገባበት ጺሙ ታየ፣ ጉንጩ እንደ ጡሩምባ ነፊ ተነፍቶ ታየ። ወይኑ ምን ማዕረግ እንዳለው ግን አልታየም። ማዕበል መጣና ያንኑም ይዞበት ሄደ።

ሁለተኛውን ቀዳ። ከዓሣው ጉንጭ ላይ ሥጋዋን በጣቱ አወጣ፤ ሊበላት አልቻለም፤ ማዶ ባለው ድንጋይ ላይ አኖራት። ሌላ ቁራሽ ጎረሰና ጠጣ። ከዚያ በኋላ ምን እንዳሰበ አያውቅም። ቀና ሲል እሳቱ አመድ ሆኗል፤ የሥጋዋን ቁራጭም ወፍ ወስዷታል።

ወደ ለቅሶ ቤቱ ሲመለስ መዲና በጓሮ በኩል ለሴቶቹ ውሃ ልትቀዳ ወጥታ አገኛት። ዓይኗ አብጧል።

«እግዜር ያጥናሽ፣ መዲና።»

«አሚን፣ አያ ሣህሉ። ምሳ ሳይበሉ የት ሄዱ?»

«በላሁ። አንድ ሙሉ...» ሊጨምር ነበር፤ ተወው። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ዩሱፍ ስጠጣ ፊቴ ላይ ምን ነበር የሚያየው?»

መዲና ለቅሶው ከገባ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ልትል ቃጣት።

«ፊትዎን መች አይቶት። እሱማ መረቡን እያየ ይሰማዎት ነበር። ማታ ሲገባ ይነግረኛል። ‹ሣህሉ ወይኑን ባሞገሰው ቁጥር ወይኑ ውሃ ነው፤ ዝም ሲል ግን እውነተኛ ነገር አግኝቷል› ይለኝ ነበር። አደራ እንዳትነግሪው፣ ካወቀ ሆን ብሎ ዝም ይልብኛል ብሎ ነው።»

ሣህሉ እንስራዋን ተቀብሎ ከግድግዳው ሥር አስቀመጠላት። ባለወርቁ ላይ አምስት መቶ በቅሎ ነድቶበታል። በሁለተኛው ላይ ዝም ብሏል። ግን ዝምታው የወይኑ ይሁን የዩሱፍ፣ ያን የሚለይለት ሰው አፈር ሥር ነበር።

በማግሥቱ ጂኖ ፊት ቆመ።

«ያልተጻፈበት።»

ጂኖ የቀረውን ጠበቀ። ካባውን፣ ነጋሪቱን፣ በቅሎውን ጠበቀ።

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

ጂኖ ተጠራጠረው። ከራስ እስከ እግሩ አየው፤ ከዚያ ከበርሜሉ ራሱ ቀዳ። ከቀትር በኋላ ባዶ ጠርሙስ እያሳየ ከምግብ ቤቱ ወጣና የሣህሉን ትከሻ መታ፤ እንግዳው ከዓሣው አጥንት በቀር ያስተረፈው ነገር አልነበረም። ድንጋይ ፈለጣው ቀረ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህ ወሬ ወደቡ ጋ ሲደርስ እንግዳው ጄኔራል፣ ጠርሙሱ በርሜል ይሆን ነበር። ሣህሉ ወደቡ ዳር ደረሰ፣ የተገለበጠችውን ታንኳ አየ፣ ለማንም ሳይናገር አለፈ።

የለቅሶው መዝጊያ ዕለት ቤቱ እስከ ደጁ ሞላ። ቁርኣኑ ተቀራ፣ ዱዓው ተደረገ። ሼህ ኑርሑሴን ወደ ሣህሉ ዞሩ።

«ሣህሉ፣ ሃይማኖታችን ቢለያይም ምሳችሁ አንድ ነበር። እኔ ራሴ ከጠጪ ጋር አትዋል ብዬ ስቆጣው፣ ‹እኔ የምበላው ዓሣውን ነው› ብሎ አስቆኛል። እስቲ አንተ ስለሱ ተናገር። ሰው ሰምቶ ይነሣ።»

«ጉማሬውን ንገራቸው» አለ ኢስሀቅ በሹክሹክታ። «ከወረታ የመጡት አልሰሙም።»

ሣህሉ የሚናገረውን ሌሊቱን ሲያሰናዳ ነበር ያደረው። ማዕበል ነበረ፣ መብረቅ ነበረ፣ ጉማሬዎቹም ሰባት ሆነው ነበር። አፉን ከፈተ። የመጣለት ግን አንዲት የዓሣ ጉንጭ ነበረች፣ በጣት ወደሱ የምትገፋ፣ የምላስ ጫፍ እንኳ የማትሞላ። ከዚያ የተደፋ ዋንጫ። አፉ ተመልሶ ተዘጋ።

ሰው ጠበቀ። አንድ ሽማግሌ ሳለ። «ዛሬ ምን ነካው?» አለ ከደጅ በኩል አንድ ድምፅ፤ ሌላው «ተዉት፣ ያሰናዳ» ብሎ መለሰለት። ሼሁ መቁጠሪያቸውን ማንከባለል አቆሙ።

ለቅሶው ከገባ ወዲህ ዋይታዋ ያልተሰማው መዲና ያኔ ነበር ጓዳ ውስጥ ድምፅ አውጥታ ማልቀስ የጀመረችው። ሴቶቹ ምን ነገር እንደተነገረ አልገባቸውም፤ ምንም የተነገረ ነገር አልነበረምና።

ሣህሉ ቀኝ እጁን አነሣ። ማንም ወዳልተቀመጠበት ጥግ መዳፉን ዘረጋ፣ ዩሱፍ ይዘረጋ እንደነበረው፣ ወደ መሬት ደፍቶ። ክንዱ እስኪዝል ድረስ እዚያው ከፍታ ላይ ያዘው እንጂ ዝቅ አላደረገውም።