በመዝገብ የቀና አናጢ

አናጢው በሰው ቀንቶ አያውቅም ነበር። ሃምሳ ስድስት ዓመት ሲኖር ጎረቤቱ መኪና ሲገዛ አልቀናም፤ የሙያ ጓደኛው ትልቅ ሥራ ሲያሸንፍም «እሰይ፣ ይቅናው» ብሎ እንጨቱን መላጉን ቀጥሏል። ቅናት የሚሉት በሽታ የያዘው ካገባ በኋላ ነው፤ ያውም በሞተ ሰው። በሕያው ቢሆን እኮ ይሻል ነበር። ሕያው ሰው ያረጃል፣ ይሳሳታል፣ አንድ ቀን አዳልጦት ይወድቅና ይሳቅበታል። የሞተ ሰው ግን ቢገፉት አይወድቅም፤ ቢሰድቡትም «ሙት ወቃሽ» ተብሎ የሚወቀሰው ተሳዳቢው ነው።

ሟቹ የሚስቱ የመጀመሪያ ባል ነው። መምህር ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ ጫካው ውስጥ ያለውን ቤት ያሠራው እሱ ነው፤ እዚያው ኖሮ እዚያው ሞተ። ሚስትየው የጤና ጣቢያ ነርስ ነበረች። አናጢው ያገኛት የእህቷን ቤት ኮርኒስ ሊሠራ ሄዶ ነው፤ መሰላሉን ይዛለት እያለ ምስማር አቀብይኝ አላት፣ አቀበለችው፣ ከዚያ በኋላ ኮርኒሱ ሳምንት የሚፈጅ ሥራ ሆኖ ሳለ ወር ፈጀ። መምህሩ ከሞተ አራት ዓመት ሆኖት ስለነበር የሚከለክላቸው አልነበረም። ተጋቡና አናጢው መጋዙን፣ መላጊያውንና መሮዎቹን ጭኖ ጫካው ቤት ገባ።

ቤቱ ውስጥ መዝገብ ጠበቀው።

ጠንካራ ልባስ ያለው ትልቅ መዝገብ ነው። ቀን፣ ዝናብ፣ ወፍ፣ አበባ እና ማስታወሻ የሚሉ አምስት ዓምዶች አሉት። የመጀመሪያዎቹ አሥራ አንድ ዓመታት በመምህሩ እጅ ተጽፈዋል፤ የእጅ ጽሕፈቱ ደግሞ፣ ምን ያደርጋል፣ የሚያስቀና ነው። የቀሩትን ዓመታት ራሷ ጽፋለች። ጎህ ሲቀድ ትነሳለች፣ ቦት ጫማዋን ታጠልቃለች፣ ከበሩ ተነስታ በምንጩ በኩል እስከ ገደሉ አፋፍ ትዞርና ከአንድ ሰዓት በኋላ ጫማዋ በጤዛ ረጥቦ ትመለሳለች። ሻይ ይቀርባል፣ መነጽሯን ታደርጋለች፣ ያየችውን ትጽፋለች። ከዚያ ወደ ኋላ ትገልጥና ጮክ ብላ ታነባለች።

«የዛሬ ዘጠኝ ዓመት በዛሬዋ ቀን፤ ሌሊቱን ካፊያ። ጠዋት ጭጋግ፣ አራት ሰዓት ላይ ተገፈፈ። ግንደ ቆርቁር ከምንጩ በላይ ባለው የደረቀ ዛፍ ላይ፣ ሴቷ ብቻ። ቢጫዎቹ አበቦች ሦስት ፈክተዋል።»

ሴቷ ብቻ፣ ይላል አናጢው በሆዱ። ወንዱማ የት ይሂድ፤ ቁጭ ብሎ ይጽፋል!

አንብባ ስትጨርስ በመነጽሯ አናት አሻግራ ታየዋለች። ዘንድሮ ሁለቱም እንዳሉ፣ ግንዱን እየቦረቦሩ ጎጆ እየሠሩ እንደሆነ ትነግረውና ትጠብቃለች። እሱም ሙገሳ የምትጠብቅ ይመስለዋል፤ የሟቹን ጽሕፈት እንዲያደንቅላት። ሻዩ መቀዝቀዙን ይናገርና ወደ መሥሪያው ይወጣል። ያን ዕለት የላገው ጣውላ ሁሉ ከሚገባው በላይ ይሳሳል።

መቼም ቅናት ያነደደው ሰው ጆሮውን ይደፍናል። ገና በተጋቡ ሰሞን ስለ መምህሩ ልትነግረው ብላ ነበር፤ «መምህሩ ሲታመም» ብላ ስትጀምር ሜትሩን ፍለጋ ተነሳ። ሌላ ቀን ስትጀምር ጣሪያው ያፈስ እንደሆነ ሊያይ ወጣ፤ ጣሪያው አያፈስም ነበር። ሦስተኛ አልሞከረችም። የጠዋቱን ዙረት በተመለከተም የራሱን ታሪክ ፈጥሮ ጨርሷል። ሁለቱ ሲዋደዱ እጅ ለእጅ ተያይዘው የሄዱበት መንገድ ነው፤ አሁንም የምትሄደው ከሙት ጋር ቀጠሮ አክብራ ነው። እንዲህ ያለው ቀጠሮ ላይ ሦስተኛ ሰው ምን ይሠራል? ስለዚህ ቦት ጫማዋን ስታጠልቅ ነቅቶ ሳለ የተኛ መስሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል።

ልቡ ክፉ አይደለም፤ ለማሸነፍም በሙያው ሞክሯል። የዝናብ መለኪያው ጣሳ የተጣመመ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ቢያየው ከደህና እንጨት ማቆሚያ ሠራለት፣ በውኃ ልክ አስተካከለው፣ ቀለም ቀባው። ሚስቱ ወጥታ ዞር ዞር ብላ አየችውና ደስ አላት። «መምህሩ ቢያየው እንዴት ደስ ባለው» አለች። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ሁለት ቀን ምግብ ከለከለችው።

ክረምቱ ከወጣ በኋላ ጫካው አበባ በአበባ ሆነ። ከምንጩ ዳር ሰማያዊው፣ ከአጥሩ ሥር ቢጫው፣ ዛፎቹ ላይ ተንጠልጥሎ ሽታው የሚጠራው ነጩ፤ ሚስቱ በቀን ሁለት ጊዜ ትወጣ ጀመር፣ መዝገቡም ጠገበ። አንድ ቀን እሷ እህቷን ልትጠይቅ ከተማ ስትሄድ አናጢው መዝገቡን ብቻውን ገለጠው። የማስታወሻውን ዓምድ አላነበበም፤ እዚያ ውስጥ የፍቅር ቃል ቢኖርስ? የሚፈልገው ቀዳዳ ነበር። ሰውዬው ያላየው ነገር መኖር አለበት!

መጨረሻው ገጽ ላይ አገኘው። «ያልታዩ» የሚል ዝርዝር አለ፤ ከሥሩም የአንዲት አበባ ነገር፣ ነጭ፣ ጉሮሮዋ ሐምራዊ፣ ቁመቷ ከጣት የማይበልጥ። ጫካው ውስጥ አለች ይባላል እንጂ በቤቱ ዙሪያ ታይታ አታውቅም። በየዓመቱ «አልታየችም» ተብሎ ተጽፏል፤ አሥራ አንዱ በእሱ እጅ፣ ስድስቱ በእሷ። አናጢውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያ ጽሕፈት ደስ አሰኘው።

የደን ጠባቂው ጎጆ በር ተገንጥሎ ነበርና በዚያው ሳምንት ሊጠግንለት ሄደ። ማጠፊያውን እየመታ ወሬ አስመስሎ ስለ አበባዋ ጠየቀው። ጠባቂው ሳቀ። «እሷማ ከገደሉ ማዶ ሞልታለች፣ ጋሼ። ቀዩ መሬት ላይ ብቻ ነው የምትወጣው» አለው።

በማግስቱ አናጢው ጉልበቱ እየተንቀጠቀጠ ገደሉን ወርዶ ወጣ። ሦስት እግር አበባ ከነአፈሯ ቆፍሮ በእርጥብ ጆንያ ጠቀለለ፣ ከቤቱ ጀርባ ባለው ትልቅ ዛፍ ሥር ተከለ፣ ዙሪያውን በደረቀ ቅጠል ሸፈነ፣ ውኃ አጠጣ። ወደ ቤት ሲገባ ብቻውን ይስቅ ነበር። አሥራ ሰባት ዓመት ያልታየች አበባ! ሦስት ቀን ቆይቶም ሚስቱን እንጨት ሊመርጥ ወጥቶ አንድ ነገር እንዳየ፣ ምን እንደሆነ ግን እንዳላወቀ ነገራት። ሲናገር ድምፁ ትንሽ ቀጠነ።

ተከትላው መጣች። አበባዎቹን ስታይ ተንበረከከች። ቅጠሉን ገለጥ አደረገች፣ አፈሩን በሁለት ጣቷ ቆንጠር አድርጋ አሸችው፤ ብዙ ቆየች። ቀና ስትል ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። አናጢው ደስታ ነው ብሎ ደረቱ ተነፋ፤ «በየት በኩል አለፍክባት፣ መምህር!» ሊል ምንም አልቀረው። እሷ ግን ክንዱን ይዛ ተነሳችና ወደ ቤት ገባች።

በማግስቱ ጠዋት መዝገቡን ሰርቆ አየ። ዝናብ፣ ዜሮ። ወፍ፣ አረንጓዴ ርግቦች፣ ስድስት። የአበባው ዓምድ ባዶ ነው። ረስታው ነው አለ። በሁለተኛው ቀንም ባዶ፤ በሦስተኛውም። ቢጫውና ሰማያዊው እንኳ አልተጻፉም፤ አበባ የሚባል ነገር ከምድር የጠፋ ይመስል ዓምዱ ነጣ። በአምስተኛው ቀን ሻይ ቀርቦ መዝገቡን ስትከፍት ሲኒውን ወደ ጎን ገፋ።

«ለምን አትጽፊውም?» አላት።

«ምኑን?»

«አበባውን! እኔ ስላየሁት አይደል? እሱ ቢያየው ኖሮ ገና አፈሩን ከጉልበትሽ ሳታራግፊ ትጽፊው ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ከእሱ ጋር ሻይ ጠጣሁ። በጠዋቱ እሱ፣ ዝናብ ሲዘንብ እሱ፣ ወፍ ሲጮኽ እሱ። አንድ መስመር፣ አንዲት መስመር ለእኔ ብትሰጪኝ ምን ይጎድልበታል? ሞቷል እኮ!»

አናጢው ይህን ሁሉ ተናግሮ የማያውቅ ሰው ነው፤ ሲጨርስ ራሱም ደነገጠ። ሚስቱ መነጽሯን አወለቀች።

«ከዛፉ ሥር ያለው አፈር ጥቁር ነው» አለች ቀስ ብላ። «አበባዎቹ ሥር ያለው ቀይ ነው። ያየሁት ዕለት አውቄያለሁ። በዚህ ዕድሜህ፣ በዚያ ጉልበትህ ገደል ወርደህ መምጣትህን ሳስብ እንባዬ መጣ። ራስህ እስክትነግረኝ ብዬ ነው ባዶ የተውኩት።»

አናጢው ጆሮው እስኪግል አፈረ።

«ደግሞ እሱ ቢያየው ኖሮ ትላለህ» ቀጠለች። «እሱ እኮ ምንም አላየም።»

ያን ጊዜ ነገረችው። መምህሩ ወገቡ ተመትቶ እግሮቹ ከከዱት በኋላ ነው መዝገቡን የጀመረው። አሥራ አንዱንም ዓመት ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ ነበር። ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት እሷ ጫካውን ዞራ ትመጣለች፣ ያየችውን ትነግረዋለች፣ እሱ ይጽፋል። አንድ ጊዜ ከሌሊት ተረኝነት ደክማ ገብታ ሳትወጣ ቀረችና ባዶ እጄን ከምቀርብ ብላ ያላየችውን ወፍ ፈጥራ ነገረችው። ደስታው ሳምንት ቆየ። ልቧ ስላላስቻላት እውነቱን ነገረችው፤ እሱም መስመሩን በማስመሪያ ሰረዘው። ከዚያ በኋላ ያላየችውን ነግራው አታውቅም፤ እሱም ጠይቋት አያውቅም። «አብረን የሄድንበት መንገድ የለም» አለች። ያን ጫካ አሥራ ሰባት ዓመት ብቻዋን ነው የዞረችው።

አናጢው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሁለቱን ዓመት አሰበ። የተኛ መስሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረበትን ጠዋት ሁሉ ሊቆጥር ሞከረና አቃተው። ለካ ከሽባ ጋር ሩጫ ገጥሞ ኖሯል፤ ያውም ተሸንፎ!

«ማስታወሻውን አንብበህ ታውቃለህ?» አለችው።

አላነበበም። እሷም መዝገቡን ወደ መምህሩ የመጨረሻ ወር ገለጠችና አዙራ ሰጠችው። ያ ያማረ ጽሕፈት እዚያ ጋ ተንሻፏል። አናጢው ጣቱን ከመስመሩ ሥር አድርጎ አነበበ።

«ዛሬ እርጥብ ጫማዋን በሩ ላይ ስታወልቅ አየኋት። እኔ ካለፍኩ በኋላ አንድ ቀን አብሯት ጫካ የሚገባ ሰው ይመጣል። ማን እንደሆነ አላውቅም። ከአሁኑ ቀንቼበታለሁ።»

ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ መዝገቡን ዘጋና እጆቹን ክዳኑ ላይ አስቀመጠ፤ እግሮቹ ከጠረጴዛው ሥር ደህና እግሮች ነበሩ፣ ሰሞኑን ገደል ወርደው የወጡ። ውጭ ግንደ ቆርቁሩ ሥራውን ይዟል።

«ነገ ስትወጪ ቀስቅሺኝ» አላት።

ሚስቱ የቀዘቀዘውን ሻዩን ወደ ራሷ ሳበች።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ስቀሰቅስህ ነው የኖርኩት» አለችው።