ፍሪዘር ውስጥ ያደረው ብልቃጥ

፩

«ደሟ በስኳር ተሞልቷል፤ ሥጋዋ ግን ተርቧል።»

ሲስተር ጸዳለ የስኳር መለኪያውን አስቀምጣ ለምናሴ ያለችው ይኽን ነው። እኅቱ ድንቅነሽ የሆስፒታሉ አልጋ ላይ ተንጋላ ቶሎ ቶሎ ትተነፍሳለች። ገና ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው። ትንፋሿ የበሰለ ሙዝ ይሸታል።

፪

እንዴት እንደሚሆን

(ምናሴ የተማረው እስከ ስድስተኛ ክፍል ስለሆነ ሲስተር በሚገባው መንገድ አስረዳችው።)

ሰውነት ዐይን በማያያቸው ሕዋሳት የተሠራ ነው። እያንዳንዱ ሕዋስ ግድግዳ አለው፤ ግድግዳውም በር አለው። ውሃ ሹልክ ብሎ ይገባል። ስኳር ግን ደጅ ይጠናል። በሩን የሚያስከፍትለት ኢንሱሊን ነው። ስኳሩ ሲገባ ውስጥ ያለው ምድጃ ያነደዋል፤ መሮጡም መሣቁም ከዚያ እሳት ይመጣል።

ኢንሱሊን ከሌለ ደጁ ላይ እህል ተከምሮ ቤቱ ይራባል። ሕዋሱም ሲጨንቀው ስብ ያነዳል።

ጭሱ ደም ይመርዛል።

፫

ቃል በቃል

ሲስተር፦ መርፌዋን አቋርጣ ነበር?

እናት፦ ኧረ እኔ ፊት ነው የምትወጋው፣ ጠዋት ማታ! ይቺ ሆዳም ግን ከጎረቤት ጓሮ ሙዝ ሳትሰርቅ አትቀርም።

ድንቅነሽ፦ አልበላሁም፣ እማ።

እናት፦ ዝም በይ! አፍሽ ሙዝ ሙዝ እየሸተተ!

ሲስተር፦ እናቴ፣ ሽታው እንኳ ከበሽታው ነው።

እናት፦ ልጄን እኔ ነኝ የማውቃት።

ምናሴ፦



፬

ምናሴ ጫሞ ሐይቅ ዳር ዓሣ ይጭናል። ዕድሜውን ሙሉ የሚያውቀው ሕግ አንድ ነው፤ ያልቀዘቀዘ ይበላሻል።

ጤና ጣቢያው «ኢንሱሊኑን በራሰ አሸዋ መሀል በተቀበረ ገንቦ አስቀምጡ» ብሎ ነበር። ሙቀቱ የበረታ ቀን ምናሴ ገንቦውን ቢዳብሰው ለብ ያለ መሰለው። እኅቱን ይወዳታል። ሁለቱን አዳዲስ ብልቃጦች ለማንም ሳይናገር ወስዶ የአስጋሪዎቹ ፍሪዘር ውስጥ፣ ከአምባዛዎቹ ሥር ሸጎጣቸው።

«አንተ፣ አምባዛ ደግሞ መርፌ ጀመረ እንዴ?» አለው አብሮት የሚጭነው ጋልቻ።

«ብርድ ያበላሸው ነገር አይተህ ታውቃለህ?»

ጋልቻ አላየም ነበር።

በማግስቱ ሲያወጣቸው ድንጋይ ሆነዋል። በመዳፉ አሙቆ አቀለጣቸው። መልካቸው ያው ነው። ወደ ገንቦው መለሳቸው።

፭

ለአንባቢ

ይኽን የሚጽፈው ሰው «ምናሴ አላወቀም» ብሎ ሊያልፍ ነበር። እውነት ነው፤ ኢንሱሊን በረዶ ከሆነ ኃይሉ እንደሚሞት አላወቀም።

ሐሙስ ዕለት ግን ድንቅነሽ ከአንደኛው ብልቃጥ መወጋት በጀመረች በሦስተኛው ቀን ጥሙ አልቆርጥ ብሏት ከውሃው ጆግ አጠገብ አልነሣም አለች። «ወንድምዬ፣ መርፌው እየሠራልኝ አይመስለኝም» አለችው።

ያን ጊዜ ፍሪዘሩ ትዝ አለው። ቢናገር እናቱ የምትለው ታየው።

«ይለቅሻል» አላት።

ይለቅሻል።

አንተ አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ቆም በል። እሱ አልቆመም፤ ዓሣ ሊጭን ሄደ።

፮

የሆስፒታሉ ኢንሱሊን በሮቹን አስከፈተ። በሦስተኛው ቀን ድንቅነሽ ተቀምጣ ገንፎ ጠየቀች።

፯

የመውጫ ቅጽ

ስም፦ ድንቅነሽ

ዕድሜ፦ 14

ሲስተር እስክሪብቶዋን እንደያዘች ቀና አለች። «ቤት የቀረ ኢንሱሊን አላችሁ?»

«አንድ ያልተነካ ብልቃጥ አለ» አለች እናት። «ዛሬ ማታ ከሱ ትወጋለች። አንቺ ብቻ ሙዝ እንዳትበላ ምከሪልኝ።»

ድንቅነሽ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ምናሴ ከአግዳሚው ተነሣ።

«ሲስተር» አለ።

ሦስቱም ዞረው አዩት።

የሕመሙ መንሥኤ፦ ________________