የቀጮ እናት የት ደረሰች?

ልብስ ሰፊዋ በልጇ ላይ ቂም ከያዘች ዓመታት አልፈዋል። የጠብ ቂም አይደለም፤ ጫማ ውስጥ እንደገባ ጠጠር እየሄዱበትም የሚቆረቁር ዓይነት ነው።

ፊደል ቆጥራለች፤ ግን አንድ ገጽ እስክትጨርስ ሻይዋ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ልጇ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ስፌት መኪናው አጠገብ፣ የጨርቅ ክምሩ ላይ ቁጭ ብላ ታነብላታለች። የሚያነቡት ተከታታይ መጽሐፍ ዓለም ከተቃጠለ በኋላ ስለተረፉ ልጆችና አመዳሞች ስለሚባሉ ፍጥረቶች ነው። አመዳም የነከሰው ሰው እሱም ግራጫ ይሆንና ስሙን ረስቶ ይንከራተታል። ቀጮ የምትባል ልጅ በየመጽሐፉ ከነሱ ትሸሻለች።

ገና በመጀመሪያው መጽሐፍ የቀጮ እናት ድንገት ጠፋች።

"የት ደረሰች?" አለች ሰፊዋ።

"እህቷ ጋ ሄዳለች። ደህና ናት።"

አመነች። በኋላ ግን ዩኒፎርም ልትለካ የመጣች ኮረዳ፣ "እንዴ እትዬ! እሷማ ተነክሳለች እኮ!" ብላ አፈረጠችው።

ከዚያ ወዲህ ጆሮዋን ጣል አደረገች። እግሯ ከመኪናው መርገጫ ላይ ቆም ባለ ቁጥር ልጇ ገጾቹን አንድ ላይ ትገለብጣለች። ሐኪሙ "ደም ግፊት አለሽ፣ አትደንግጪ" ካላት ጀምሮ፣ እግሯ ሲቆም ለልጇ እናቷ የፈራች ይመስላታል። ምስኪን! ሰፊዋ የምትቆመው ጥሩው ሲመጣ መኪናው እየተንጣጣ አላሰማ ስለሚላት ነበር። እንዲህ ሆኖ የታሪኩ ሥጋ ሥጋው እየታለፈ አጥንቱን ስትግጥ ኖረች። "ለምን ታልፊዋለሽ?" እንዳትል ልጇን ማሳፈር ይሆንባታል። መለመን ደግሞ ሞቷ ነው።

የመጨረሻው መጽሐፍ ሲወጣ ልጇ ከጓደኛዋ ተውሳ አመጣችና ደረቷ ላይ አቅፋው ቆመች።

"እማ፣ ይሄኛው እንኳ ይቅርብሽ። አያምርም አሉ።"

"ማነው ያለው?"

"ሰው።"

"ያ ሰው ይምጣና ራሱ ይንገረኝ። ቁጭ በይ! ድምፅሽንም ከፍ አድርጊው።"

ልጇ መጽሐፉን ገልጣ ፊቷን ስትከልልበት፣ ሰፊዋ ክሩን ከመርፌው መዘዘች፤ ጨርቁንም አንስታ ጭኗ ላይ አደረገች። ከዚያ እግሯ እንዳይቆም ባዶውን መኪና ትረግጠው ጀመር።

አመዳሞቹ መጡ። ረገጠች። የቀጮን ጓደኛ ከመስኮት ጎትተው ወሰዱት። ላብ አጠመቃት፤ ረገጠች። ገጾቹ አንድ በአንድ ተገለጡ።

መጨረሻ ላይ ልጆቹ ምሽግ ገቡ፤ የብረት በሩ ግን ከውስጥ አልዘጋ አላቸው። ከአመዳሞቹ መሃል ሰማያዊ ሻሽ ያሰረች አንዲት ሴት ዞረችና በሩን በጀርባዋ ገፍታ ዘጋችው። ቀጮ በበሩ ቀዳዳ አየች። ሻሹን ታውቀዋለች፤ የእናቷ ነው።

ልጇ ማንበቧን አቆመች።

"እማ... እህቷ ጋ አልነበረችም።"

"አውቃለሁ እናቴ። ድሮ ነው የማውቀው።"

ልጇ መጽሐፉን ዝቅ አድርጋ አየቻት። የእናቷ ጉንጭ ርሷል፣ እግሯ ግን እየሄደ ነው።

"ክር የለውም እኮ!"

"እሱን ተይው። የሷን ንገሪኝ፣ ሁሉን ረስታ በሩን እንዴት አስታወሰችው?"

"እሱ የሚቀጥለው ገጽ ላይ ነው መሰለኝ" አለች ልጇ፣ እየሳቀችም እያለቀሰችም።

ሰፊዋ እግሯን ከመርገጫው ላይ አነሳች። ቤቱ ጸጥ አለ። ልጇ አንዲት ገጽ ብቻ ገለጠች።