በየዓመቱ የሚከፈልበት

ሰውን በስርቆት የሚከሱት ስድስቱ ጠበቆች ክሳቸውን የሚያስጽፉት በተሰረቀ ፕሮግራም ነበር። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ማንም አልጠየቃቸውም፤ እነሱም ራሳቸውን አልጠየቁም። አንድ ቀን ግን አንድ ትልቅ ደንበኛ «ሰነዶቼ የሚጻፉበት ፕሮግራም ሕጋዊ ፈቃድ ያለው መሆኑን አረጋግጡልኝ» የሚል ደብዳቤ ላከና ቢሮው ተተራመሰ። ሁሉም «ዋናው» የሚሉት የቢሮው ባለቤት ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበና በቀጥታ ወደ ጽሕፈት ክፍሉ መጣ። ጥፋቱ የጸሐፊዎቹ ይመስል ፊቱ ጠቁሯል።

«መትረየስ፣ ሦስት ምርጫ አለን አሉ» አለ። «አንዱ በየዓመቱ የሚከፈልበት፣ አንዱ አንዴ ተገዝቶ የሚያልቅ፣ አንዱ ደግሞ በነጻ። እያንዳንዱን አንድ አንድ ሳምንት ሞክሪና የሚሻለውን በአንድ ገጽ ጽፈሽ አምጪ። አንድ ገጽ ነው ያልኩሽ፣ እንዳታንዛዢ።»

መትረየስ የተባለችው በአተያየብ ፍጥነቷ ነው። ስሙን ያወጡላት ከጎኗ የሚቀመጡት ትልቋ ጸሐፊ፣ እቴቴ፣ ናቸው። ከዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ገና ስትቀጠር እጆቿን በሻርፕ ሸፍነው ኪቦርዱን ሳታይ እንድትተይብ ያስተማሯት እሳቸው ነበሩ። ስትሳሳት በማስመሪያ ጫፍ ጣቷን ቸብ ያደርጓታል። ምላሳቸው ደግሞ ከማስመሪያው ይብሳል። ቢሆንም ሰው የሆነችው በእሳቸው እጅ ነው፤ ይህን አትክድም።

የእቴቴ ዐይን ከከዳቸው ሁለት ዓመት ሆኗል። የወረቀቱ ጠርዝ ይታያቸዋል፤ መሃሉ ላይ ግን ጭጋግ ተቀምጧል። መተየቡ አያሳስባቸውም፣ ጣቶቻቸው ያውቁታል። ችግሩ ጠበቆቹ በእጃቸው እየጫሩ የሚልኩት ረቂቅ ነው፤ እሱን ጤነኛ ዐይንም በመከራ ነው የሚያነበው። ስለዚህ መትረየስ በየቀኑ በምሳ ሰዓት፣ ክፍሉ ጭር ሲል፣ የእቴቴን ረቂቆች ወደ ራሷ ጠረጴዛ ትስባለች፤ ትተይባለች፤ ከገጹ ግርጌ የጸሐፊው ምልክት በሚገባበት ቦታ የእቴቴን ስም ሁለት ፊደላት ታስገባለች። በዚያ ቢሮ እነዚያ ሁለት ፊደላት ፊርማ ናቸው። ስህተት ሲገኝ የሚጠራው ፊደሎቹ የእሱ የሆኑት ሰው ነው። እቴቴ ጡረታ ለመውጣት ሰባት ወር ቀርቷቸዋል። ዋናው ነገሩን ቢያውቅ ሰባት ወር ቀርቶ ሰባት ቀን አያቆያቸውም፤ በሐሰተኛ ምልክት ካሰናበታቸው ደግሞ የሠላሳ አንድ ዓመት አገልግሎታቸውን ውኃ በላው ማለት ነው።

ታዲያ ለዚህ ሁሉ «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው አያውቁም። ወረቀቱ ታትሞ ሲመጣ፣ ጠርዙ ስለሚታያቸው ብቻ፣ «ህዳጉን አጠበብሽው አይደል? በእኔ ስም ዝርክርክ ሥራ እንዳታወጪ!» ይሏታል። መትረየስም ትስቃለች፤ አንዳንድ ቀን ከልቧ፣ አንዳንድ ቀን ጥርሷን ነክሳ።

የመጀመሪያው ሳምንት የነጻው ነበር። ለሌላ ቢሮ ምንም አይልም ይሆናል። እነሱ ዘንድ ግን የድሮ ሰነዶችን ሲከፍት የአንቀጽ ቁጥሮቹን አተራመሰው፤ ሰባተኛው አንቀጽ ሦስተኛ ሆኖ ቁጭ አለ። አንቀጽ በተሳሳተ ቁጥር የተጠቀሰበት ክስ ደግሞ ከመዝገብ ቤት ይመለሳል። «ተዪው» አሉ እቴቴ፤ «ይኼ በነጻ ገብቶ ከሳሹን ተከሳሽ የሚያደርግ ነው።» በሁለተኛው ሳምንት አንዴ የሚገዛው ተራ ደረሰ። አዲስ ነገር የለውም። በየማሽኑ ለየብቻው ይቀመጣል፣ የለመዱትን ይሠራል፣ ያበቃል። መትረየስ ወደደችው።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ በየዓመቱ የሚከፈልበት መጣ። ይኼኛው ሁሉንም ሰነድ አንድ ቦታ ያስቀምጣል፤ ጠበቆቹ ሥራው የት እንደደረሰ ከስልካቸው ያያሉ። የተናገሩትን ይጽፋል፣ የተጻፈውን ጮክ ብሎ ያነባል። ከስድስቱ ጠበቆች አንዱ ክንዱ ተሰብሮ በጄሶ ታስሮ ስለነበር ረቂቁን በድምፁ ላከ። መትረየስ ማዳመጫውን በእቴቴ ጆሮ ላይ አደረገችላቸውና ሥራዋን ቀጠለች። ከአንድ ሰዓት በኋላ ቀና ስትል እቴቴ ከወንበራቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ፣ ስህተት እየለቀሙ ያርማሉ። ሁለት ገጽ ጨረሱ። ግርጌው ላይ ደርሰው ሁለቱን ፊደላት በአንድ ጣት፣ ቀስ ብለው መቱ።

«በገዛ እጄ» አሉ። መትረየስ እሳቸውን እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው አይታቸው አታውቅም።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው መትረየስ በጎን በኩል ያለውን ዝርዝር የከፈተችው። እያንዳንዱ ጸሐፊ በቀለም ተለይቶ ተቀምጧል፤ ማን ስንት ገጽ፣ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው ማሽን። የእሷ ሠላሳ ስምንት ገጽ ነው። የእቴቴ ሁለት። በምሳ ሰዓት የጻፈቻቸው ሁሉ ከነደቂቃቸው ተደርድረዋል። ሻጩ ጋ ደወለችና ዝርዝሩ ሊጠፋ ይችል እንደሆነ ጠየቀች። «ይቻላል፤ ግን የቢሮው ኃላፊ ብቻ ነው የሚያጠፋው» አላት ሰውየው በትሕትና።

አንዱን ገጽ ያን ዕለት ጻፈችው። አንዴ የሚገዛው ይሻላል አለች። ጠዋት ላይ ለዋናው ከመስጠቷ በፊት ለእቴቴ ነገረቻቸው።

እቴቴ ማዳመጫውን አወረዱ። «የሚያነበውስ?»

«እቴቴ፣ ይኼ ነገር ሰው ይቆጥራል። ማን ምን ያህል እንደጻፈ ለዋናው ያሳየዋል። አየሁት እኮ።»

«ይቁጠራ! ከእንግዲህ ራሴ ነኝ የምጽፈው። ምን ብሎ ነው የሚቆጥርብኝ?»

«ያ ልጅ በድምፁ የላከው ክንዱ ስለተሰበረ ነው። ሌሎቹ በእጃቸው መጫራቸውን የሚተዉ ይመስልዎታል?»

«እለምናቸዋለሁ። ይለምዱታል።» እቴቴ ፊታቸውን ወደ እሷ አዞሩ፤ ዐይናቸው ግን ከጆሮዋ አጠገብ ያለ ግድግዳ ላይ ነበር ያረፈው። «ነው ወይስ ሌላ ነገር አለ? ንገሪኛ። ጥሩ ሰው መባል ጣመሽ አይደል? በየምሳ ሰዓቱ ስትጸድቂብኝ ሁለት ዓመት። እኔ ማየት ብጀምር በማን ልትጸድቂ ነው?»

«እኔ?»

«አንቺ! ዕውር ሆኜ ብቀር ነው የሚሻልሽ።»

ውሸት ቢሆን ኖሮ ስቃ ታልፈው ነበር። መትረየስን ያቃጠላት ግን ትንሽ እውነት ስለነበረበት ነው፤ በምሳ ሰዓት ከጠረጴዛዋ ላይ ቀና ስትል በራሷ ደስ የሚላት ቀን ነበር። ምሳዋን ሳትበላ ያሳለፈቻቸው ቀናት ግን ማንም አልቆጠረላትም፣ እቴቴም ጭምር። እልህ ያዛት። ገጹን ከፊታቸው ቀደደችውና ቁጭ ብላ ሌላ ጻፈች። በየዓመቱ የሚከፈልበት ይሻላል፤ ያነባል፣ ይሰማል፣ ለጠበቆቹም ያመቻል። ይህን የጻፍኩት ለእቴቴ ደስታ ነው ብላ ለራሷ ነገረችው። ግማሹ ውሸት ነበር። «እንግዲያው ይቁጠርዎታ» እያለች ነው ጣቶቿ የተየቡት።

ዋናው አነበበው፤ ስለ ክፍያው አጉረመረመ፤ ፈረመ።

ሁለቱም ሴቶች አንድ ዓይነት ስህተት ሠሩ። ቆጠራው ከዚያ ቀን የሚጀምር መስሏቸዋል። ሰነድ ሁሉ የተጻፈበትን ማሽን ስም በሆዱ ይዞ እንደሚኖር አያውቁም ነበር። የድሮው ፕሮግራም ካልጠየቁት አይናገርም፤ ደግሞ ማን ይጠይቀዋል? ባለሙያው መጥቶ የቢሮውን ፋይል በሙሉ ወደ አዲሱ ሲያዛውረው ግን የሁለት ዓመቱ ሥራ ሁሉ በአንድ ረድፍ ተሰለፈ፤ በአንድ ወገን ግርጌው ላይ ያሉት ፊደላት፣ በሌላው ወገን የተየበው ማሽን።

ሰኞ በአራት ሰዓት ሁሉም ወደ ስብሰባ ክፍል ተጠሩ። ዋናው ዝርዝሩን ግድግዳው ላይ አሳይቶ ጠበቃቸው። በችሎት መስቀለኛ ጥያቄ ሲጠይቅ ድምፁን ዝቅ የማድረግ ልማድ አለው፤ ያን ቀንም ዝቅ አደረገ።

«እቴቴ፣ እርስዎ በሁለት ዓመት ውስጥ ስንት ገጽ ጽፈዋል?»

«ቆጥሬ አላውቅም።»

«ይኼ ቆጥሮልዎታል። ፊደልዎ ያለው ስድስት መቶ አርባ ገጽ ላይ ነው። ከእርስዎ ማሽን የወጣው ዐሥራ አራት ገጽ።» ከኮቱ ኪስ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። «ማሽንም ይሳሳታል፤ አልፈርድብዎትም። ይቺን ረቂቅ ያንብቡልንና ነገሩን እዚሁ እንዘጋዋለን።»

እቴቴ ተነሡ። ቀሚሳቸውን አስተካከሉ። ወረቀቱን ጤነኛ ሰው በሚይዝበት ርቀት ያዙትና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ለተከበረው ፍርድ ቤት» አሉ። «ከሳሽ ከዚህ በታች በተዘረዘሩት ምክንያቶች በተከሳሹ ላይ ያቀረበው የክስ ማመልከቻ ነው። አንደኛ፤ የተከበረው ፍርድ ቤት ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን አለው። ሁለተኛ፤ ከሳሹ ይህን ክስ ለማቅረብ መብትና ጥቅም ያለው ሲሆን...»

ሠላሳ አንድ ዓመት የጻፉት ክስ ሁሉ እንዲህ ነው የሚጀምረው። ድምፃቸው ያምራል፤ በየነጠላ ሰረዙ ያርፋሉ። አንዱ ጠበቃ አፉን በእጁ ሸፈነ፤ ክንዱን የታሰረው ወደ ወለሉ አጎነበሰ። ከእቴቴ ጎን የተቀመጠችው መትረየስ ወረቀቱ ቁልጭ ብሎ ይታያታል። ዋናው ለላውንደሪ የሚልከው የልብስ ዝርዝር ነበር።

ዋናው አላቋረጣቸውም። አራተኛው አንቀጽ እስኪደርሱ በጥሞና አዳመጠ፤ እንዲያውም ራሱን ይነቀንቅ ነበር።

«በጣም ጥሩ» አለ በመጨረሻ። «መትረየስ፣ አሁን ደግሞ አንቺ አንብቢልን። ከማንበብሽ በፊት ግን አንድ ነገር ስሚ። ሐሰተኛውን ምልክት ያስገባው የማን እጅ እንደሆነ አውቃለሁ። ይቅር የምለው አንድ ሰው ነው። ለዚህ ቢሮ አንድ ጸሐፊ እንደሚበቃው ደግሞ አንቺው ሁለት ዓመት አሳይተሽናል።»

እቴቴ ወረቀቱን ወደ ቀኛቸው ዘረጉላት። ፊታቸው ላይ ፍርሃት አልነበረም፤ ክሱን ከቆሙበት አንስታ እንደምትቀጥለው አልተጠራጠሩም። ትችል ነበር። አምስተኛውን አንቀጽ፣ ስድስተኛውን፣ የዳኝነት ጥያቄውን ሁሉ በቃሏ ታውቀዋለች። ከክሱ አንድ ቃል ብትል ሁለቱም ተሰናብተው አብረው ከዚያ ክፍል ይወጡ ነበር። መትረየስ በደመወዟ የሚኖሩትን ልጆቿን አሰበች። «ዕውር ሆኜ ብቀር ነው የሚሻልሽ» የተባለችውንም አሰበች፤ የቱ እንደቀደመ በኋላም ለራሷ መለየት አልቻለችም።

«ሁለት ነጭ ሸሚዝ» ብላ አነበበች። «አንገታቸው በደንብ ይተኮስ። አንድ ግራጫ ሱሪ።»

አፉን የሸፈነው ጠበቃ ሳቁ አመለጠው። እቴቴ እጃቸው እንደተዘረጋ ቀረ። መጀመሪያ የሳቀው ሰው ወዳለበት፣ ቀጥሎ ወደ መትረየስ ድምፅ ዞሩ። ቀስ እያሉ ገባቸው፤ ሲገባቸውም ሁሉም ሰው አየ። መትረየስ አቆመች።

«ምነው ቆምሽ?» አሉ እቴቴ። «ጨርሺላቸው እንጂ።»

መትረየስም ጨረሰችላቸው። አንድ የጠበቃ ካባ፤ እጅጌው ላይ ቀለም አለበት። ስድስት ካልሲ። ለረቡዕ ይድረስ። አንድም ቃል አልተሳሳተችም።