ሆደ ሰፊዋ

ሰውየውን ሁሉም «ሚሊ» ነበር የሚለው። ስሙን ያወጡለት የእንጨት ሥራ ቤት ባልደረቦቹ ናቸው፤ በር ሲሠራ አንድ ሚሊሜትር ከጎደለ ምሳ የማይበላ አናጢ ነውና። እንዲህ ያለው ሰው የሚለካበት ማስመሪያ ጫፉ የተቆረጠ ነው ብላችሁ ታምናላችሁ? የተቆረጠ ነው። ከዓመታት በፊት መጋዝ በልቶት የመጀመሪያዋ ሴንቲሜትር ሄዳለች፤ ስለዚህ ባሰመረ ቁጥር አንድ ይደምራል። «አዲስ ግዛ እንጂ!» ሲሉት፣ «አንድ መደመር ያቃተው ሰው እንጨት ምን ያስነካዋል?» ይላል፣ አፉን ሞልቶ።

ከሥራ ሲወጣ ግን ልቡ ጓዳው ውስጥ ነው። እዚያ በሪሞት የምትነዳ ትንሽ ፈጣን ጀልባ ይሠራል። በዓመት አንዴ መናፈሻው ኩሬ ላይ ውድድር አለ፤ ሚሊና ጓደኛው ሽቦ አምስት ዓመት ተወዳድረው አምስቱንም ሁለተኛ ወጥተዋል። ሽቦ ሬዲዮ ጠጋኝ ነው። እንጨቱ የሚሊ፣ ኤሌክትሪኩ የሽቦ፤ ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ኖረዋል። ሚሊ ለሚስቱ ያልነገራትን ሁሉ ለሽቦ ይነግረዋል። እሷም ታውቃለች፤ «ሆድህን የምሞላው እኔ፣ የሚያውቀው እሱ!» ትለዋለች።

ዘንድሮ የጀልባዋን አጥንቶች ከኮምፔንሳቶ ሲቆርጥ ጉድ ፈላ። አራተኛው አጥንት ላይ፣ በግራ በኩል፣ ያችን አንድ ሴንቲሜትር ሁለት ጊዜ ደመራት። ወረቀቱ ላይ ደምሯት ነበር፤ እንጨቱ ላይ ሲያሰምር ደገማት። ፋይበሩ ለብሶ ሙጫው ከደረቀ በኋላ በእጁ ሲዳብሳት ግራ ሆዷ ተነፍቶ አገኘው። ሚሊ! ያ ሚሊ! ሽቦ ሰምቶ በሳቅ ወለሉ ላይ ተንከባለለ።

«ከዛሬ ጀምሮ ስምህ ሴንቲ ነው» አለው።

ለማንኛውም እንያት ብለው በማለዳ ኩሬው ላይ ለቀቋት። አሻፈረኝ አለች፤ ወደ ግራ ወደ ግራ ትጎትታለች። መሪዋን ትንሽ ወደ ቀኝ አዙረው ቀጥ አደረጓት። መዞሪያው ጋ ስትደርስ ግን ሁለቱም አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ሌላ ጀልባ ፍጥነት ቀንሶ የሚዞረውን እሷ ሳትቀንስ እጥፍ! ውድድሩ ደግሞ ሦስቱም መዞሪያዎቹ ወደ ግራ ናቸው። «ሆደ ሰፊ» የሚለውን ስም እዚያው አወጡላት፤ ሆዷም ሰፍቷል፣ የሚሊንም ጥፋት ችላለች።

«ይህቺን ነገር ለማንም አንተነፍስም» አለ ሚሊ።

«ሆድ ይፍጀው!» አለ ሽቦ፣ ሆዱን መታ መታ እያደረገ።

ከዚያ የሬዲዮዋን ሳጥን ውሃ እንዳያስገባ ላሽገው ብሎ ሽቦ ጀልባዋን ቤቱ ወሰዳት። በሳምንቱ ሲመልሳት ታበራለች! ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ ሰም ተቀብታለች። ሚሊ ዓይኑ እንባ አቀረረ። በሃያ ሁለት ዓመት አንድ ቀን እቃ ሲያጸዳ አይቶት የማያውቀው ሽቦ! አቅፎ ሳመው፤ «እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ፣ ይህን ውለታህን አልረሳውም» አለው። ሽቦ መሬት መሬት እያየ «ምን አደረግኩ ብለህ ነው» ብሎ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ሽቦ ጉንፋን ያዘኝ ብሎ ቀረ። ሚሊ ብቻውን ሲሞክራት አንድ ነገር አየ። ነፋስ ባለበት ቀን፣ በሙሉ ጉልበት፣ ሦስተኛው መዞሪያ ላይ ጎኗ ብድግ ይላል፤ ለጥቂት ነው ያልተገለበጠችው። ከአሮጌ ድስት ክዳን አውራ ጣት የምታክል ክንፍ ቆርጦ ከጭራዋ ሥር ቢተክልላት ቀጥ አለች። ይህን ለሽቦ ሊነግረው ሁለት ጊዜ ሎሚ ይዞ ቤቱ ሄደ። ሁለቱንም ጊዜ በሩ ዝግ ነበር። ጉንፋን የያዘው ሰው የት ይሄዳል? ሚሊ ይህን አልጠየቀም፤ የሚያምን ሰው ምን ይጠይቃል!

የውድድሩ ቀን ነፋስ ነበር። አምስት ዓመት አንደኛ የወጣው የቤት ዕቃ ነጋዴ ቀይ አዲስ ጀልባውን ጠረጴዛ ላይ ገልብጦ ሄዷል። ሚሊ እንደ ልማዱ ዳበሳት። አናጢ በዓይኑ ሰላም አይልም፣ በእጁ ነው። እጁ ከአፍንጫዋ ተነስቶ ሲወርድ፣ አራተኛው አጥንት ላይ፣ በግራ በኩል፣ ቆመ።

ተነፍቷል። አንድ ሴንቲሜትር።

ሐሳብ እንኳ ከሐሳብ ይገጥማል። ስህተት ግን? የሱ ዝንጉነት፣ የሱ ቆራጣ ማስመሪያ፣ ሁለቴ የተደመረችው ያቺ አንዷ፣ የሰው ጀልባ ላይ ምን ትሠራለች? ያኔ ነው የሰሙ ነገር የገባው። ሰም የሚቀባው ለማሳመር ብቻ አይደለም፤ በላዩ ፋይበር ተለጥፎ ቅርጹ ሲቀዳ እንዳይጣበቅም ነው። ሽቦ በዚያ ሳምንት ሆደ ሰፊን ለነጋዴው ቀድቶለታል። አቅፎ ስሞት ነበር እኮ! አመስግኖት ነበር!

ቀና ሲል ሽቦ የነጋዴውን ቀይ ኮፍያ አድርጎ፣ የቀይዋን ሪሞት አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ቆሟል።

«ጉንፋኑ ተሻለህ?» አለው ሚሊ።

ሽቦ ዓይኑን ሰበረ። ወዲያው ግን ገነፈለ። «አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ‹እስቲ አንተ ንዳት› ብለኸኛል? እኔ ሪሞቱን እሠራለሁ፣ አንተ ትነዳለህ፣ እኔ ሱሪዬን ሰብስቤ ውሃ ገብቼ አወጣልሃለሁ! ነጋዴው ሪሞቱን ሰጠኝ።»

ይህ እውነት ነበር፤ ሚሊ አንድም ቀን አልሰጠውም። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል፤ እሱ ግን ጀልባውን እንዳለች አውሶታል።

«ስጠኝ ብትለኝ እከለክልህ ነበር?» አለው። «ሆዴን ሰጥቼህ ሪሞት እነፍግሃለሁ?»

ሽቦ የሪሞቱን አንቴና ስቦ አወጣ። ተወዳዳሪዎች ተጠሩ።

ሚሊ ቀይዋን ሲያያት ከጭራዋ ሥር ምንም የለም፤ ክንፍ አልነበራትም። ነፋሱ ደግሞ ይገፋል። ዝም ቢል ማን ያውቅበታል? ይበለው! ይገልበጥ! ልቡ እንዲህ አለው፤ ደግሞም እውነቱን ነው። እግሩ ግን እየተሳደበም ቢሆን ወሰደው።

«ስማ» አለው። «ሦስተኛው መዞሪያ ላይ ጉልበቷን ቀንስ። ነፋስ ካለ ትገለበጣለች።»

ሽቦ ትኩር ብሎ አየውና ሳቀ። «ቀንስና አሸንፍሃለሁ ነው? ሞኝህን ፈልግ!»

ሌባ እናት ልጇን አታምንም፤ ምን ይደረጋል።

ፊሽካው ተነፋ። ሁለቱ ጀልባዎች ሌላውን ሁሉ ጥለው ወጡ። የመጀመሪያው መዞሪያ፣ እኩል። ሁለተኛው፣ ቀይዋ በአንድ ክንድ ቀደመች፤ ሽቦ ነጂ ነው፣ ሐሰት ምን ያደርጋል፣ ጥሩ ነጂ ነው። ሚሊ ሳያስበው «ቀንስ!» ብሎ ጮኸ። ሽቦ ይባስ ጨመረ። ሦስተኛው ላይ ቀይዋ ጎኗን ብድግ አደረገች፣ አየር ላይ ዞረች፣ በጀርባዋ ተፈጠፈጠች። የተነፋ ሆዷን ለሰው ሁሉ ወደ ላይ ገልጣ ተንሳፈፈች። ሆደ ሰፊ በአጠገቧ እጥፍ ብላ አለፈች፤ ጨረሰች።

ሰው አጨበጨበ። ሚሊ በስድስተኛ ዓመቱ ካገኘው አንደኝነት ጋር ብቻውን ቆመ። ጀልባዋን የሚያወጣለት ሰው አልነበረም፤ ጫማውን አውልቆ ራሱ ውሃ ገባ። ሽቦም ከወዲያ ማዶ ገብቷል። መሐል ላይ፣ ጉልበታቸው ድረስ ውሃ ውስጥ፣ ተያዩ።

«እውነትህን ነበር እንዴ?» አለ ሽቦ።

ከሁሉ ይልቅ ይህቺ ቆረጠችው። ሃያ ሁለት ዓመት መች ዋሽቶት ያውቃል? ሆደ ሰፊን ከውሃው አንስቶ ብብቱ ሥር አደረጋት። ሰሙ ገና ከገላዋ አልለቀቀም ነበር፤ ውሃው ላይዋ ላይ ሳይረጋ ይንከባለላል።

«ሰም የቀባህልኝ ቀን አመስግኜህ ነበር» አለው። «እሷን ምስጋናዬን መልስልኝ።»

ሽቦ ቀይዋን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ሚሊም ወጥቶ ጫማውን አደረገና ወደ ቤቱ ሄደ።